ሸራ ለባሹ ላንድሮቨር በቡና አገር

«ጣሪያው የሚገለጥ መኪና» ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቶሎ የሚታየው ሪባን የታሰረበት፣ ሙሽሮች ቆመው እጃቸውን የሚያውለበልቡበት የሠርግ መኪና ነው። ጥቂት ዕድሜ የጠገበው ደግሞ በውጭ አገር ፊልም ያያት ባለሁለት ወንበሯ ኤምጂ ወይም ትራየምፍ ትታወሰዋለች። ይሁን እንጂ ሸራ የለበሰ የእንግሊዝ መኪና በአገራችን ጉልበቱን የጨረሰው በሠርግ አጀብ ሳይሆን በጭቃ ውስጥ ነው። እርሱም ላንድሮቨር ነው።

ዛሬ ስለ ላንድሮቨር ሸራ ማንሳታችን ለትዝታ አይደለም። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው የቡና አገሮች አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው፣ ወይም ከአባቱ የወረሰውን ከአዲስ አበባ ግቢ አውጥቶ ወደ እርሻው ሊወስድ የሚያስብ ባለሙያ፣ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሸራው አርጅቷል፤ ምን ይሻላል? ጋራዥ ሲገባ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ላሜራ አስበይድበትና ተገላገል»። ይህ ጸሐፊ በዚህ ምክር አይስማማም። ምክንያቱን ከመግለጹ በፊት ግን ዕቃው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። ሐሳቡን ያመነጨው የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ከብረት እንዲሆን ተደረገ። ይህ የግድ የመጣ መፍትሔ የመኪናው ዕድሜ ምስጢር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሩና ሸራው እንኳ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ለብቻቸው ይሸጡ ነበር፤ ገዢው እርቃኑን የቆመ መኪና ነበር የሚረከበው። «ሲሪስ» እየተባሉ የሚጠሩት ሦስቱ ትውልዶች እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመርተዋል። በእኛ አገር በብዛት የሚታወቁት፣ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ባለው ርቀት 88 ኢንች የሆነው አጭሩና 109 ኢንች የሆነው ረጅሙ ናቸው። ሸራ ሲታዘዝ በመጀመሪያ የሚጠየቀውም ይኸው ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ ወደ ኢትዮጵያ የገባችው የመጀመሪያዋ መኪናም የእንግሊዝ ነበረች። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ሲድሊ ናት። አገራችን ከመኪና ጋር የተዋወቀችው እንግዲህ በእንግሊዝ ክፍት መኪና ነው ማለት ይቻላል።

ላንድሮቨርን ከነኤምጂ፣ ከነትራየምፍና ከነኦስቲን ሂሊ ጋር የሚያገናኘው ዘመኑ ብቻ አይደለም። የሁሉም ጣሪያ በአንድ ሕግ ነው የሚሠራው፤ በብረት ቅስቶች ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። የስፖርት መኪናው ሸራ ከፊት መስታወቱ በላይ ባለው ዘንግ ላይ በሙጫና በሪቬት ይጣበቃል፣ ጎንና ኋላው በብረት ቁልፎች ይያያዛል፣ ፍሬሙም እንደ ጃንጥላ ይታጠፋል። አንድ ቁልፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ተሳስቶ ከተመታ ጨርቁ ለዘለዓለም እንደተሸበሸበ ይቀራል። ስለዚህ የዚያ ሥራ አዋቂዎች ጨርቁን ፀሐይ ላይ አሙቀው፣ ከመሐል ወደ ጎን እየሳቡ፣ ቦታውን በጠመኔ እያመለከቱ፣ ቀዳዳውን መጨረሻ ላይ ነው የሚበሱት። የላንድሮቨር ሸራ ግን በገመድና በዘለበት ይታሠራል። ዛሬ የላላው ነገ ይጠብቃል። ስፖርት መኪናው የማይምረውን ላንድሮቨሩ ይምራል፤ ይህ ምሕረቱ ግን ሰዎችን አዘናግቷቸዋል። «ገመድ ነው፣ ይስተካከላል» እየተባለ ያልተለካ ሸራ ይጫንበታል።

የዝናቡ ነገር

ሸራ በአዲስ አበባና በቴፒ አንድ ዓይነት ዕድሜ የለውም። በአዲስ አበባ ዝናቡ በአመዛኙ በክረምት ወራት ይጠቃለላል፤ ከዚያ በኋላ ሸራው ወራት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይከርማል። በደቡብ ምዕራብ ግን ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይዘልቃል፤ በአብዛኛው ቦታ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሙቀትም አለ። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ሻጋታ ይነግሣል። ስለዚህ ሸራውን የሚገድለው የዝናቡ ብዛት ሳይሆን ጨርቁ ደርቆ የሚያድርባቸው ቀናት ማነስ ነው። መኪናውም የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ ሥር ነው፤ የአገሩ ቡና ጥላ ወዳድ ስለሆነ ሰውም መኪናውን ከዚያው ጥላ ውስጥ ያስጠጋል። ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠል በጣሪያው እጥፋት ውስጥ ይቀመጥና ይበሰብሳል፤ የሚንጠባጠበውም ጠብታ ዝናቡ ካባራ ከሰዓታት በኋላ እንኳ አያቋርጥም።

መንገዱም ድርሻ አለው። ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚደርሰው ዋና መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ አገሩ ቀርቧል። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን የተባለችውም ሆነች ቴፒ ከክልሉ መቀመጫዎች መካከል ሆነዋል። ሆኖም ከዋናው መንገድ ወደ እርሻው የሚገባው መንገድ ዛሬም አፈር ነው። እዚያ ላይ መኪናው ሲናጥ የጣሪያው ቅስትና ጨርቁ ቀኑን ሙሉ ይፋተጋሉ።

ላሜራ ወይስ ሸራ?

ወደ ላሜራው ጉዳይ እንመለስ። የመኪናው አካል አሉሚኒየም ነው ብለናል። ባትላሜራው የሚያመጣው ግን የብረት ላሜራ ነው። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ከኖረ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል። በደረቅ አገር ዓመታት የሚፈጅ ጉዳት በቴፒ ቶሎ ይመጣል። ሃምሳና ስድሳ ዓመት የቆየውን አካል ለማዳን የተበየደው ጣሪያ አካሉን ራሱን ያጠፋዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ክብደቱ ነው። አጭሩ ላንድሮቨር ጠባብና ከፍ ያለ መኪና ነው፤ ከላዩ ብረት ሲጨመርበት በጎን ተዳፋት ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል። የቡና አገር መንገድ ደግሞ ተዳፋት ብቻ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ጠንካራ ጣሪያ ይሠራ እንደነበር የሚከራከር ይኖራል። እውነት ነው። ያ ጣሪያ ግን አሉሚኒየም ነው፣ የሚያያዘውም በብሎንና በዳዶ እንጂ በብየዳ አይደለም። እሱን ያገኘ ይግጠም፤ ጠብ የለንም። ጠባችን ከብየዳው ጋር ነው።

ሌላው የተለመደ ማምለጫ ገበያ ላይ የሚሸጠው ስስ ፕላስቲክ ሸራ ነው። ቡና ሲሰጣ ለመሸፈን ያገለግላል፤ ለመኪና ጣሪያ ግን አልተፈጠረም። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ነፋስ ያርገበግበዋል፣ ከቀለበቶቹ ይቀደዳል። ርካሽ ስለሆነ በየጊዜው እየተገዛ ይተካል፤ የሦስትና የአራት ዓመቱ ወጪ ሲደመር ከደህናው ሸራ ዋጋ ብዙም ላይርቅ ይችላል።

ከእንግሊዝ ተሰፍቶ የመጣ ሸራ ማዘዝስ? ዛሬም የሚሰፉ አሉ፣ ልኩም የፋብሪካው ነው። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የውጭ ምንዛሪው ተደምረው ግን ለአብዛኛው ባለቤት የማይቀመስ ያደርጉታል። ስለዚህ የሚያዋጣው ጨርቁን ገዝቶ እዚሁ ማሰፋት ነው። መርካቶ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚሄድ ሰው ጅማም ይቀርባል።

ጨርቁ

ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው ከጥጥ ወይም ከጥጥና ፖሊስተር ቅልቅል የተሠራው ወፍራም ሸራ ነው። ጥጡ ውኃ ሲነካው ክሩ ያብጥና ቀዳዳዎቹን ራሱ ይደፍናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይተነፍሳል። አዲስ ሸራ በመጀመሪያው ዝናብ ጥቂት ቢያንጠባጥብ አያስደነግጥም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ረጥቦ ሲደርቅ ይጠባል። በካሬ ሜትር 500 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝነውን መምረጥ ይበጃል። ሁለተኛው በጭነት መኪኖች ላይ የምናየው፣ በፕላስቲክ የተለበደው የፖሊስተር ሸራ ነው። ይህ አይበሰብስም፣ ውኃም አያሳልፍም፤ ነገር ግን አይተነፍስም። ማለዳ ላይ ከውስጡ ጤዛ ይንጠባጠባል፤ ውጭ ሳይዘንብ ውስጥ ይዘንባል።

የትኛው ይሻላል? የጥጡን ሸራ ውበት የሚወዱ ሰዎች ይህን ጸሐፊ ይቅር ይበሉት እንጂ፣ መልሱ መኪናው በሚያድርበት ቦታ የሚወሰን ነው። ማታ ማታ መጠለያ ሥር የሚገባ ከሆነ ጥጡ ወይም ቅልቅሉ ይመረጣል። ሌሊትም ቀንም ውጭ፣ ዛፍ ሥር የሚውል ከሆነ ግን ንጹሕ ጥጥ በዚያ አገር ሻጋታን አይችልም፤ የተለበደውን ወስዶ ከጤዛው ጋር መኖር ይሻላል።

ጥጥ የመረጠ ሰው አንድ ነገር አይርሳ። አዲስ ሸራ ሲረጥብ ይኮማተራል። ከመቆረጡ በፊት ሙሉ ጨርቁ ሁለት ጊዜ በውኃ ተነክሮ፣ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። ይህን የማያደርግ ባለሙያ ሐምሌ ላይ ከኋላ በኩል አንድ ስንዝር የሚያጥር ሸራ ያስረክባል።

ፍሬሙ

ብዙ ሰው ገንዘቡን በጨርቁ ላይ ያፈስና ፍሬሙን ይረሳዋል። የሸራ ጣሪያ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው ግን በፍሬሙ ነው። የላንድሮቨር ፍሬም ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ የሚቆም አንድ ቅስት፣ ከኋለኛው ስፖንዳ ጥግ የሚነሣ ሌላ ቅስት፣ በረጅሙ መኪና ላይ ደግሞ በመካከል ተጨማሪ ቅስት አለው፤ እነዚህም በረጃጅም ዘንጎች ከፊት መስታወቱ ክፈፍ ጋርና እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከዘንጎቹ አንዱ ከጠፋ ጨርቁ በቅስቶቹ መካከል ይረግባል። የረገበበት ቦታ ውኃ ይቋጥራል። የተቋጠረው ውኃ ክብደት ጨርቁን ይበልጥ ይስባል፣ ይበልጥ ይረግባል፣ ይበልጥ ይቋጥራል። ሸራው የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ሰዎች ግን «ጨርቁ መናኛ ነበር» ይላሉ።

ስለዚህ ጨርቅ ከመገዛቱ በፊት ፍሬሙ ባዶውን ይቁምና ከፊት ቅስት አናት እስከ ኋላ ቅስት አናት በቀኝ፣ በመሐልና በግራ ሲባጎ ይወጠር። ሲባጎው ከመሐሉ ቅስት ላይ ተንሳፍፎ ከቀረ ወይም ቅስቱ ሲባጎውን ሽቅብ ከገፋው ፍሬሙ ጎብጧል። የጎበጠውን ማቅናት ቀላል ነው። የጠፋውን ደግሞ ከውኃ ቧንቧ ማሠራት ይቻላል፤ ቧንቧው ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ውስጡ በደረቅ አሸዋ ይሞላል፣ ሁለቱ ጫፎች ይደፈናሉ፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ ይታጠፋል። የተበየደበት ቦታ ዚንኩ ስለሚቃጠል ወዲያው ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ዝገት ሻጋታን ያህል የሸራ ጠላት ነው፤ የዛገ ብረት የነካው ጥጥ በዚያው መሥመር እንደ ወረቀት ይቀደዳል። በቅስቶቹ አናት ላይ ቀጭን ጨርቅ ወይም የላስቲክ ጥብጣብ መጠምጠም፣ በሸራው ውስጥ በኩልም ቅስት በሚነካው ቦታ ሁሉ ድርብ ጨርቅ መስፋት አያስወጣም፣ ዕድሜ ግን ይጨምራል። በቅስቶቹ መካከል ከፊት ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ሰፋፊ ጠፍር መወጠርም ጣሪያው እንዳይረግብ ያግዛል።

ልክና ስፌት

አሮጌውን ሸራ ወስዶ «ይህን የመሰለ ስፋልኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። አሮጌው ሸራ በአንድ በኩል ተኮማትሯል፣ በሌላ በኩል ተለጥጧል። ልኩ የሚወሰደው ከቆመው ፍሬም ላይ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ አቡጀዲ ፍሬሙ ላይ ዘርግቶ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ፣ መሐሉን በጠመኔ አስምሮ ቅርጹን ያወጣል፤ ውዱ ጨርቅ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ ባለሙያው የሚሄደው መኪናው ራሱ ነው። መኪናው የማይነሣ ከሆነ ፍሬሙን ፈትቶ ከመላክ ባለሙያውን አሳፍሮ ማምጣት ይሻላል።

ስፌቱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን መታሰብ አለበት። የላይኛው ጠርዝ በታችኛው ላይ መደረብ ይኖርበታል፤ ከተገለበጠ ውኃውን ወደ ውስጥ ይመራዋል። ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርስ ታጥፈው በሁለት መሥመር ይሰፉ። የቤት ስፌት መኪና አራት ድርብ ሸራ አይበሳም፤ የቆዳ መስፊያ መኪና ያስፈልጋል። ክሩ ውስጡ ፖሊስተር፣ ላዩ ጥጥ የሆነው ቢገኝ ተመራጭ ነው፤ ፖሊስተሩ ጉልበት ይሰጣል፣ ጥጡ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል። ካልተገኘ በፖሊስተር ክር ሰፍቶ ስፌቱን በሰም ማሸት ነው። ካፋና ሸካ የማር አገር ናቸው፤ ሰም አይቸግርም። ሰሙ ላይ ፀሐይ ወይም የሞቀ ካውያ ሲያርፍ ወደ ስፌቱ ይሰርጋል። የገመድ ማስገቢያ ቀለበቶቹ ከነሐስ ይሁኑ፤ የብረት ቀለበት ርካሽ ነው፣ ግን ይዝጋል።

የገጠማው ቀን

ወሩ ጥር ወይም የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ዝናቡ አርፏል፣ ቡናው ተለቅሟል፣ ሰፊዎቹም ከበዓል ልብስ ጥድፊያ እፎይ ብለዋል። ሰዓቱ ረፋድ፣ ጨርቁ የሞቀ ይሁን። ሸራው በቅስቶቹ ላይ ይጣልና በመሐሉ ያለው የጠመኔ መሥመር ከፊት መስታወቱ መሐልና ከኋላው ስፖንዳ መሐል ጋር ይገጣጠም። በመጀመሪያ ፊቱ ይታሠራል፣ ቀጥሎ ኋላው ይሳባል፣ ጎኖቹ በመጨረሻ ይመጣሉ፤ ጎኖቹም አንዱ ተጠናቆ ወደ ሌላው ሳይሆን ቀኝና ግራ እየተፈራረቁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ አይጥበቅ። ውኃ ይርከፈከፍበት፣ ይደር፣ ጠዋት ይስተካከል።

ስለ ገመዱ አንድ ቃል። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ይኮማተራል፤ ጥጡም ሲረጥብ ይኮማተራል። ሁለቱም በደረቅ ቀን ጥርስ ተነክሶ ከታሠሩ በሌሊት ዝናብ እርስ በርስ ተሳስበው ቀለበቱን ከነጨርቁ ይነቅሉታል። የፖሊስተር ገመድ ይህ ጠባይ የለውም። ቃጫ የግድ ከሆነ ላላ ተደርጎ ይታሠር።

ከኋላ የሚገባው ጢስ

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጉዳይ ደረስን፤ ከጨርቅና ከክር በላይ የሰው ሕይወት ስላለበት። ላንድሮቨር እንደ ሳጥን ያለ መኪና ነው። ሲሄድ ከበስተኋላው አየሩን ይስባል፤ በዚያ በኩል ክፍተት ካለ ከጢስ ማውጫው የወጣው ጋዝ ወደ ውስጥ ይመለሳል። የኋላ መጋረጃው ለአየር ተብሎ ተጠቅልሎ፣ የፊት መስኮቶቹ ግን ለዝናብ ተብለው ተዘግተው ሲኬድ ሁኔታው የከፋ ይሆናል። በጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በጎንና በጎን አግዳሚ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት፣ ብዙ ጊዜም ልጆችና ሴቶች፣ በመጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድብታ ይሰማቸዋል። ወባ ባለበት አገር ይህ ምልክት «ወባ ጀመረው» ወይም «መንገዱ አዞረው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።

መከላከያው ውድ አይደለም። መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ የኋላ መጋረጃው እስከ ታች ተዘግቶ፣ ጎኖቹ ተጠብቀው ይታሠሩ። አየር ከፊት ይግባ፤ ሲሪስ ሁለትና ሦስት ከመስታወቱ በታች ሁለት የአየር ክዳኖች አሏቸው፣ ብዙ ጊዜ በቀለምና በዝገት ተጣብቀው ስለሚቀሩ ሸራው ሲሠራ አብረው ይፈቱ። የጢስ ማውጫው ቱቦ ያልተበሳ፣ ጫፉም ከመኪናው አካል ውጭ የሚደርስ መሆኑ ይረጋገጥ። ሸራ ሰፊው መጋረጃውን ሁለት ማሰሪያ ብቻ ሰጥቶ ቢያስረክብ አንቀበልም ማለት ይገባል፤ ሦስትና አራት በየጎኑ ያስፈልጋል።

የሸራው ቅስት የመገልበጥ አደጋን እንደማይከላከልም ይታወቅ። ዝናብ ይይዛል እንጂ ሰው አይዝም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ የለውም፣ ጨርቁም ከመወርወር አያድነውም። ከኋላ ሰው የሚጭን ባለቤት ፍጥነቱን በዚያው ልክ መወሰን አለበት።

ጭነቱ ቡና ሲሆንስ? ጀንፈልም ሆነ የታጠበ ደረቅ ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚደርቀው። ያን ያህል የተለፋበት ቡና የሚያልበው ሸራ ሥር አንድ ሌሊት ቢያድር እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል። ከረጢቱ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ይበል፣ ከሸራውም ግድግዳ አይነካካ፤ የረጠበ ሸራ ከውስጥ የነኩት ቦታ ላይ ማንጠባጠብ ይጀምራል። እሸት ቡና ግን በዚያው ቀን መፈልፈያው መድረስ ስላለበት ታፍኖ መቆየት የለበትም፤ እሱ ሲጫን ከላዩ ያለው ሸራ ብቻ ይበቃዋል፣ ሌላ ፕላስቲክ አይደረብበት።

ሊብሬውና ውሉ

የሕግ ነገር ሲነሣ ብዙ አንባቢ ገጹን ይገለብጣል፤ እዚህ ላይ ግን ጥቂት ይታገሱን። አንድ መኪና በሊብሬው ላይ የአካሉ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መንፈሱ ተሽከርካሪው መንገድ ላይ የሚገኘው በመዝገብ እንደሰፈረው ሆኖ መሆን አለበት የሚል ነው። ያረጀን ሸራ በሸራ መተካት ጥገና ነው። ሸራ ለባሹን በላሜራ ቤት መለወጥ ግን ጥገና ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ፣ ሲሸጥ፣ ከዚያም ይልቅ አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ጥያቄ ያስነሣል። ለማስበየድ የቆረጠ ሰው እንኳ አስቀድሞ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ቢያመለክት ይበጀዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለ ሰነዱ የተሟላ አሮጌ ላንድሮቨር ምትክ የማይገኝለት ንብረት ሆኗል፤ ሊብሬውን ለላሜራ ብሎ ማወሳሰብ አያዋጣም።

ሁለተኛው ከሸራ ሰፊው ጋር ያለው ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2610 እንዲህ ያለውን ውል ሲተረጉም ሠራተኛው በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ አድርጎ ነው። ቃሉ «ውጤት» ነው። ሸራ ሰፊው የሸጠልን ጉልበቱን ወይም ሜትር ጨርቁን ሳይሆን የማያፈስ ጣሪያን ነው። ስለዚህ በግማሽ ገጽ ወረቀት የጨርቁ ዓይነትና ክብደት፣ የክሩ ዓይነት፣ የቀለበቱ ብረት፣ የማሰሪያዎቹ ብዛት ይጻፍ፤ የመጨረሻው ክፍያ መኪናው ላይ ተገጥሞ ውኃ ከተርከፈከፈበትና ከታየ በኋላ ይሁን። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ደንበኛው ፍሬሙን ሳያቃና መጥቶ በኋላ በጨርቁ ሲያማርር የሚጎዳው እርሱ ስለሆነ፣ የፍሬሙ ሁኔታ በውሉ ላይ መስፈሩ ለእርሱም መከታ ነው።

አያያዙን በተመለከተ የሚባለው ጥቂት ነው። ሸራው እርጥብ እያለ አይጠቅለል፤ በቡና አገር እርጥብ ተጠቅልሎ ሁለት ሌሊት ያደረ ጥጥ ሦስተኛው ቀን ላይ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቶ ይገኛል። በሳሙናና በኃይለኛ የውኃ ግፊት አይታጠብ፤ ውኃ የሚከላከለው ቅባት ይታጠባል። ለስላሳ ብሩሽና ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። የፕላስቲክ መስኮት ካለው መስኮቱ በጭቃው ላይ አይታጠፍ፤ ጭቃው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። በእጥፋት ውስጥ የተጠራቀመ ቅጠል በየሳምንቱ ይራገፍ። ሲሰፋ ከተረፈው ጨርቅ አንድ ሜትር ያህልና አንድ ድውር ክር ከባለሙያው ተጠይቆ ከወንበሩ ሥር ይቀመጥ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጣፊያ የሚገዛው ጨርቅ ቀለሙም አኮማተሩም ከቀድሞው ጋር አንድ አይሆንም።